የፖታሲየም ቻናል አንቲቦዲ ምርጫ፦ የበግ አንጎል፣ ነርቭና ልብ ለሚያጠና የሰሜን ሸዋ ላቦራቶሪ

ለአንድ ፖታሲየም ቻናል (ፖታሲየም በሴሉ ሽፋን የሚያልፍበት የፕሮቲን ቀዳዳ) ካታሎግ ሲከፈት አሥር ሃያ አንቲቦዲ (ያን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል) ይደረደራል። የሁሉም ፎቶ ያማረ ነው፤ ሁሉም «ለዌስተርን ብሎትም ለቲሹም ይሆናል» ተብሎለታል። ዌስተርን ብሎት ፕሮቲኖች በጄል ላይ በክብደት ተለይተው ወደ ሜምብሬን ከተዛወሩ በኋላ በአንቲቦዲ የሚታዩበት ዘዴ ነው። ፎቶው ግን ብዙውን ጊዜ የተነሣው በአይጥ አንጎል ላይ፣ ክፍሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሚሞቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በቀላሉ የሚገኘው እንስሳ የመንዝ በግ ነው። ከፍታው 2,800 ሜትር ያልፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ያደረ ባፈር እጅ ያደነዝዛል። ስለዚህ እዚህ የሚመርጥ ሰው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ብቻ አይበቃውም፤ «የትኛው በበግ ላይ፣ በዚህ ብርድ፣ ለዚህ ጥያቄ ይሠራል?» ማለት አለበት።

ከካታሎጉ በፊት ቻናሉን

አንቲቦዲውን የሚመዝን ሰው ቻናሉ ምን መምሰል እንዳለበት ካላወቀ፣ ጄሉ ላይ የወጣው መስመር ትክክል ይሁን ስሕተት መፍረድ አይችልም። ብዙ ጊዜ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ኬቪ2.1 (እንደ ሌሎቹ «ኬቪ»ዎች በቮልቴጅ የሚከፈት የፖታሲየም ቻናል) ከአሚኖ አሲዶቹ ሲሰላ 95 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ገደማ ነው። ከአንጎል ወጥቶ ጄል ላይ ሲሮጥ ግን ከ110 እስከ 130 ባለው መካከል ሰፋ ብሎ ይታያል። ልዩነቱን የሚያመጣው በፕሮቲኑ ላይ የተለጠፈው ብዙ ፎስፌት ነው። ናሙናው በአልካላይን ፎስፋቴዝ ቢታከም መስመሩ ወደ 95 ይወርዳል። ይህ ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው፦ ከኤንዛይሙ በኋላ የማይወርድ መስመር ኬቪ2.1 መሆኑ ያጠራጥራል።

ኬቪ1.1 እና ኬቪ1.2 በስሌት 56–57 ኪሎዳልተን ናቸው፤ በአንጎል ውስጥ ያለው የበሰለው ፕሮቲን ግን ስኳር ስለተሸከመ ወደ 80 ገደማ ይቆማል። 60 አካባቢ ሌላ ደካማ መስመር ቢኖር ገና ያልበሰለው ነው። ኬቪ4.2 ያለ ብዙ ውጣ ውረድ 70 አካባቢ ነው። የልቡ ሄርግ ቻናል ሁለት መስመር ያሳያል፦ 135 ያልበሰለው፣ 155 ደግሞ ስኳሩን ጨርሶ ወደ ሴሉ ገጽ የሚወጣው። ለሄርግ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ አንቲቦዲ በልብ ናሙና ላይ ሲገጥም፣ የቱ እንደቀረ መጠየቅ ነው እንጂ «ንጹሕ ነው» ብሎ መደሰት አይገባም።

የእነዚህ ቻናሎች አራት ክፍል ተጋጥሞ አንድ ቀዳዳ ይሠራል። ናሙናው በደንብ ካልተፈታ ሁለቱ ወይም አራቱ እንደተያያዙ ይቀሩና ከ200 ኪሎዳልተን በላይ ጥቁር ጭረት ይፈጥራሉ። ይህ የአንቲቦዲው ጥፋት አይደለም።

ቦታውም እንደ ክብደቱ ይታወቃል። ኬቪ2.1 በትልልቅ የአንጎል ነርቭ ሴሎች አካልና ከሥሩ በሚነሡት ዴንድራይቶች (መልእክት ተቀባይ ቅርንጫፎች) ላይ እንደ ነጠብጣብ ተሰባስቦ ይቀመጣል። ኬቪ4.2 ወደ ዴንድራይቱ ዘልቆ ይሰራጫል። ኬቪ1.1 እና ኬቪ1.2 ማየሊን (የስብ ሽፋን) በለበሱ አክሶኖች (መልእክት አስተላላፊ የነርቭ ገመዶች) ላይ፣ ሽፋኑ ከሚቋረጥበት ከራንቪየር መገጣጠሚያ ወዲያና ወዲህ ሁለት ቁራጭ ሆነው ይታያሉ። በሴሬቤለም (ትንሹ አንጎል) ደግሞ ከፐርኪንጄ ሴል (የሴሬቤለም ትልቅ ነርቭ ሴል) ሥር የሚጠላለፉትን የአክሶን ጫፎች አድምቀው ያሳያሉ። አንቲቦዲ ሻጩ ምንም ቢል፣ ሴሬቤለም ላይ ይህን ሥዕል ያላወጣ የኬቪ1.2 አንቲቦዲ ለቲሹ አይታመንም።

ሦስቱ ዓይነት፣ በሳንቲም ሳይሆን በሚሊሊትር

ገበያው ላይ ያሉት በዋናነት ሦስት ናቸው፦ የጥንቸል ፖሊክሎናል፣ የማውስ ሞኖክሎናል፣ እና ሪኮምቢናንት።

ፖሊክሎናል ጥንቸል በአንድ አጭር ፔፕታይድ ተከትባ ከደሟ የሚጣራ ነው። ብዙ ዓይነት አንቲቦዲ አብሮ ስላለበት ዒላማው በፎርማሊን ቢጎዳም አንዱ ካልያዘ ሌላው ይይዛል፤ በልብ ቲሹ ላይ አንዳንዴ ከሞኖክሎናሉ የሚሻለውም ለዚህ ነው። ችግሩ ከሎት ሎት (በአንድ ጊዜ ከተመረተው ስብስብ ወደ ሌላው) መለያየቱ ነው። ጥንቸሏ ስትሞት ሎቱም አብሯት ያልቃል፤ የሚቀጥለው ሎት ያው ስም፣ ያው የካታሎግ ቁጥር፣ ግን ሌላ ደም ነው። ለሁለት ዓመት የማስተርስ ሥራ ፖሊክሎናል የሚመርጥ ተማሪ ለሥራው ሁሉ የሚበቃውን ከአንድ ሎት በአንድ ጊዜ ይግዛ። የሎት ቁጥሩም በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ሣጥኑ ከተጣለ በኋላ የሚገኝበት መንገድ የለም።

ሞኖክሎናል ከአንድ ሴል ዘር የመጣ፣ አንድ ቦታ ብቻ የሚይዝ ነው። በዚህ ዘርፍ የታወቀው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራው የኒውሮማብ ስብስብ ነው፤ ሴሎቹ ሲመረጡ ገና ከመጀመሪያው በአንጎል ቲሹ ላይ እየተፈተኑ ስለሆነ ለአንጎል ሥራ ጥሩ መነሻ ናቸው። ለኬቪ1.2 «ኬ14/16»፣ ለኬቪ2.1 «ኬ89/34»፣ ለኬቪ4.2 «ኬ57/1» የሚባሉት ክሎኖች ዋነኞቹ ናቸው። ሲታዘዝ የቻናሉን ስም ብቻ ሳይሆን የክሎኑን ቁጥር መጻፍ ይገባል። ለአንድ ቻናል ከአንድ በላይ ክሎን ስላለ «ማውስ፣ ፀረ-ኬቪ1.1» ብሎ ማዘዝ «አንድ ኩንታል እህል» ብሎ እንደ ማዘዝ ነው፤ ስንዴ ይምጣ ገብስ አይታወቅም።

ሪኮምቢናንቱ የአንቲቦዲው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ታውቆ በሴል ውስጥ የሚመረት ነው። ሎት ከሎት አይለያይም፤ የሴሉ ዘር ቢጠፋም ቅደም ተከተሉ ስላለ ይመለሳል። ከኒውሮማቦቹ ብዙዎቹ ወደዚህ ተለውጠው ፕላዝሚዳቸው (ቅደም ተከተሉን የያዘ ክብ ዲኤንኤ) በአድጂን (ፕላዝሚድ ለተመራማሪዎች በሚያከፋፍል ድርጅት) በኩል ይገኛል። ሴል ማሳደጊያ ክፍል ያለው ላቦራቶሪ ፕላዝሚዱን አስመጥቶ በሄክ293 ሴል (በላቦራቶሪ የሚያድግ የሰው ሴል ዘር) አንቲቦዲውን ራሱ ማምረት ይችላል። የጸዳ ክፍል፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተርና የማይቋረጥ መብራት ከሌለ ግን የተዘጋጀውን መግዛት ይቀላል። ሪኮምቢናንት ማለት ግን «የተረጋገጠ» ማለት አይደለም። መጥፎ አንቲቦዲም ቅደም ተከተሉ ከታወቀ ለዘላለም ሳይለዋወጥ መጥፎ ሆኖ ይኖራል።

አሁን ወደ ሚሊሊትሩ። 50 ማይክሮሊትር ፖሊክሎናል ለብሎት በ1፡200 ሲቀጠን 10 ሚሊሊትር ይሆናል፤ ትሪ ውስጥ ከፈሰሰ የአንድ ሜምብሬን ነው። በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በ3 ሚሊሊትር ከተሠራ ሦስት ያህል ይበቃል። 100 ማይክሮግራም የጠራ ሞኖክሎናል በአንድ ሚሊሊትር አንድ ማይክሮግራም ቢሆን 100 ሚሊሊትር ይወጣዋል፦ በ3 ሚሊሊትር ከረጢት 33 ሜምብሬን። ለቲሹ በአምስት ማይክሮግራም ቢሠራ 20 ሚሊሊትር፣ ማለትም በግማሽ ሚሊሊትር 40 ጉድጓድ። በጠርሙስ ዋጋ የረከሰው በሜምብሬን ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ውድ ሆኖ ይገኛል። ለግዥ ክፍል ሲቀርብም ንጽጽሩ በዚህ መልክ ቢሰላ ክርክሩ ያጥራል።

በጉ የሚያመጣው ጥቅምና ጣጣ

አብዛኛው ካታሎግ «ሰው፣ ማውስ፣ ራት» ይላል። በግ የለም። ይህ አይሠራም ማለት ሳይሆን አልተሞከረም ማለት ነው። መደረግ ያለበት አንቲቦዲው የተሠራበትን ቁራጭ፣ ማለትም ኢሚውኖጅኑን፣ ከካታሎጉ መፈለግ ነው፤ ለምሳሌ የኬ14/16 ኢሚውኖጅን በራት ኬቪ1.2 ጭራ ላይ ከ428 እስከ 499 ያለው ክፍል ነው። ከዚያ የበጉን ፕሮቲን ከዩኒፕሮት (የፕሮቲን መረጃ ቋት) አውጥቶ ጎን ለጎን መደርደር። ከ15–18 አሚኖ አሲድ ከሆነ አጭር ፔፕታይድ አንድ ብቻ ቢለያይ መሞከር ይቻላል፤ ሦስት አራት ከተለያየ ሌላ አንቲቦዲ መፈለግ ይሻላል። ኢሚውኖጅኑን የማይነግር ሻጭ ካለ ከዝርዝሩ መሰረዝ ነው፤ ለበግ ሥራ ይህ መረጃ ከፎቶው ይበልጣል።

በዚያው አጋጣሚ ዘመዶቹንም መደርደር ነው። ኬቪ1.1 እና ኬቪ1.2 በመካከላቸው በጣም ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት በጭራቸው ነው። ኬቪ4.2 እና ኬቪ4.3ም እንዲሁ። ከመካከለኛው ክፍል የተሠራ አንቲቦዲ ወንድሙንም አብሮ ይይዛል።

በጉ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በማውስ ቲሹ ላይ የማውስ አንቲቦዲ ሲደረግ፣ ሁለተኛው አንቲቦዲ (የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ይዞ ምልክት የሚሰጠው) የእንስሳውን የራሱን የደም አንቲቦዲ እየያዘ ጀርባውን ያጨልመዋል። በበግ ቲሹ ላይ ይህ የለም፤ ስለዚህ ማውስ ሞኖክሎናል ለበግ ከሁሉ የተመቸ ነው። ክሎኖቹ ንዑስ ክፍላቸው (የአንቲቦዲው ዓይነት) ስለሚለያይ፣ ለምሳሌ ኬ14/16 አይጂጂ2ቢ ኬ89/34 ደግሞ አይጂጂ1 ስለሆነ፣ ንዑስ ክፍሉን ለይቶ በሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ሁለቱን በአንድ ቁራጭ ላይ በሁለት ቀለም ማየት ይቻላል።

ጣጣው ከፍየል ጋር ነው። በግና ፍየል ዘመድ ናቸው፤ ፀረ-ፍየል የሆነ ሁለተኛ አንቲቦዲ በበጉ ቲሹ ውስጥ የቀረውን የበጉን የደም አንቲቦዲ ሁሉ ይይዛል። ስለዚህ በፍየል የተሠራ የመጀመሪያ አንቲቦዲ ለበግ ቲሹ አይገዛም። በፍየል የተሠራ ፀረ-ማውስ ወይም ፀረ-ጥንቸል ሁለተኛ አንቲቦዲ ግን ችግር የለውም፤ ብቻ በበግ ወይም በላም ሴረም ተጣርቶ የቀረ መሆኑ ሣጥኑ ላይ መጻፍ አለበት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከመጀመሪያው አንቲቦዲ በቀር ሁሉም ነገር የተደረገለት አንድ ቁራጭ። እሱ ካበራ ጥፋቱ የሁለተኛው ነው።

ማረጋገጫ፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ጂኑ የጠፋለት እንስሳ ላይ ምልክቱ አብሮ መጥፋቱ ነው። ኖክአውት በግ የለንም። ሌላ ላቦራቶሪ በኖክአውት ማውስ ያሳየው ማስረጃ ለምርጫ ይጠቅማል፤ ለበጉ ግን ምስክር አይሆንም። እዚህ ሊሠሩ የሚችሉትን ከጠንካራው ወደ ደካማው ብናይ፦

ሁለት አንቲቦዲ፣ ሁለት የተለያየ ቦታ የሚይዙ (አንዱ ጭራውን፣ አንዱ ራሱን ወይም የውጭውን ቀለበት)፣ አንድ ዓይነት መስመርና አንድ ዓይነት ሥዕል ከሰጡ ጥሩ ነው። ከአንድ ፔፕታይድ የተሠሩ ሁለት አንቲቦዲዎች ግን እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ቀጥሎ የታወቀው ሥርጭት፦ ሴሬቤለምና ነርቭ በርቶ፣ ጉበት ጨልሞ። ጉበት በአንድ ጄል ላይ ሁልጊዜ ይግባ፤ ከአንጎሉ እኩል የሚያበራ መስመር ካሳየ ያ መስመር ለአንጎሉ ቻናል አይቆጠርም። ሴል ማሳደግ የሚችል ደግሞ ቻናሉንና የቅርብ ወንድሞቹን በየፊናው በሄክ293 ያስገባና ጎን ለጎን ያስሮጣል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ በዚያ ሴል ውስጥ ቻናሉ ከልክ በላይ ስለሚመረት ደካማ አንቲቦዲም ያልፋል። ፈተናው «ወንድሙን አይዝም» ለማለት እንጂ «በቲሹ ላይ ይሠራል» ለማለት አይበቃም።

በመጨረሻ ብዙዎች የሚወዱት፦ አንቲቦዲውን ከራሱ ፔፕታይድ ጋር ቀላቅሎ ምልክቱ መጥፋቱን ማየት። ይህ የሚያሳየው አንቲቦዲው ፔፕታይዱን መያዙን ብቻ ነው። በስሕተት ሌላ ፕሮቲን የሚይዝም ቢሆን በፔፕታይዱ ስለሚታሰር ምልክቱ እኩል ይጠፋል። ይህን ብቻ ይዞ የሚቀርብ አንቲቦዲ አልተረጋገጠም።

ብሎቱ በብርድ

ናሙናው እንዲህ ይዘጋጃል፦ ቲሹው በበረዶ ላይ በ0.32 ሞላር ሱክሮስና 5 ሚሊሞላር ሶዲየም ፎስፌት፣ ፒኤች 7.4፣ ይፈጫል። ለኬቪ2.1 ከሆነ 100 ሚሊሞላር ሶዲየም ፍሎራይድ ይጨመራል፤ ካልተጨመረ ፎስፌቱ ይረግፍና መስመሩ ይወርዳል፤ ሰውም «አንቲቦዲው ተበላሽቷል» ይላል። ፒኤምኤስኤፍ (ፕሮቲን ቆራጭ ኤንዛይሞችን የሚያግድ ኬሚካል) ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሞት ሊፈጭ ሲል ይጨመር። በ3,000 ጂ 10 ደቂቃ ከተሽከረከረ በኋላ ከላይ ያለው ፈሳሽ ይወሰዳል። አልትራሴንትሪፊዩጅ ካለ በ45,000 ጂ 90 ደቂቃ፤ ከሌለ በትንሿ ማሽን በ20,000 ጂ በ4 ዲግሪ አንድ ሰዓት። በሁለተኛው መንገድ ቀላሉ ሜምብሬን ከፊሉ ከላይ ይቀራል፤ የወረደው ግን ለብሎት ይበቃል። በአንድ መስመር ከ20 እስከ 30 ማይክሮግራም፣ ጄሉ ለኬቪ2.1 እና ለሄርግ 7.5 በመቶ።

ናሙናው አይፈላ። ሜምብሬን ውስጥ ስድስት ጊዜ የሚመላለስ ፕሮቲን በ95 ዲግሪ ሲቀቀል ተጣብቆ ጄሉ አፍ ላይ ይቀራል። በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ ወይም በ60 ዲግሪ 10 ደቂቃ ከአዲስ ዲቲቲ (የፕሮቲኑን የሰልፈር ማያያዣ ከሚፈታ ኬሚካል) ጋር ይበቃል።

ደብረ ብርሃን ላይ በጣም የሚያደናግረው ነጩ ነገር ነው። 10 በመቶ ኤስዲኤስ (ፕሮቲኑን የሚፈታው ሳሙና መሰል ኬሚካል) ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይረጋል፤ በውርጭ ወር ጠዋት ጠርሙሱ ወተት መስሎ ይገኛል። በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይሟሟል። ሳይሟሟ ከላይ የተቀዳ ግን የተባለው መጠን የለውም፤ ጄሉም መስመሩም ይጣመማል። ሁለተኛው ነጭ ነገር ከፖታሲየም ራሱ የሚመጣ ነው። ፖታሲየምና ኤስዲኤስ ሲገናኙ የማይሟሟ ጨው ይሠራሉ። የሴል ውስጥ ፈሳሽ ለመምሰል 140 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ባለው ባፈር ሴሉን ፈጭቶ የናሙና ባፈር የጨመረ ሰው ቱቦው ውስጥ በረዶ የመሰለ ነገር ያያል። ቢሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ኤስዲኤሱንም ይዞ ስለሚሄድ ፕሮቲኑ ሳይፈታ ይቀራል። መለያው ይህ ነው፦ የብርዱ ነጭ ክፍሉ 22 ዲግሪ ሲሆን አይመለስም፤ የፖታሲየሙ ይመለሳል። መፍትሔው ከመጀመሪያው በሶዲየም ባፈር መሥራት ነው።

ጄል ራሱ በብርድ ይዘገያል። በ14 ዲግሪ ክፍል የተፈሰሰ አክሪላማይድ «አልረጋ አለ» ተብሎ ቴሜድ (ጄሉ እንዲረጋ የሚያፋጥን ኬሚካል) ከመደፋቱ በፊት ፈሳሹን ወደ 22 ዲግሪ አሙቆ ማፍሰስ ይሻላል። «በክፍል ሙቀት አንድ ሰዓት» የሚለው ትእዛዝም እዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ደግሞ ሠላሳ ዲግሪ ስለሚሆን ትሪው እንዳይደርቅ መክደን ነው። ለመጀመሪያው አንቲቦዲ ከሁለቱም የሚያድነው ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው፤ 4 ዲግሪ የትም 4 ዲግሪ ነው።

አንድ ነገር ከመረሳቱ በፊት፦ አንቲቦዲው ውስጥ ሶዲየም አዛይድ ካለ ኤችአርፒን (ሁለተኛው አንቲቦዲ ላይ ተለጥፎ ምልክቱን የሚሰጠውን ኤንዛይም) ይገድላል። የመጀመሪያው አንቲቦዲ በደንብ ከታጠበ ችግር የለም፤ የኤችአርፒው ማቅጠኛ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይግባ።

ቲሹው፣ ከፍታውና ፈላው

ለቲሹ የአንቲቦዲው ምርጫ ከአስተካከሉ (ቲሹው እንዳለ እንዲቆይ በኬሚካል ከሚታሰርበት መንገድ) አይለይም። በ4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ሌሊቱን ያደረ አንጎል ለኬቪ4.2 ቢሆንም የአክሶን መነሻ ላይ ያለውን ኬቪ7.2 ይሸፍነዋል፤ ለእሱ ቀላል፣ አጭር አስተካከል ያስፈልጋል።

የተሸፈነውን በሙቀት ለመግለጥ ብዙው መመሪያ «በ95–98 ዲግሪ ሲትሬት 20 ደቂቃ» ይላል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ምድጃው ቢጨመርበት የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ቁራጩ በፈላው ተንከባሎ ከስላይዱ ይነቀላል፣ ሙቀቱ ግን ከ91 አያልፍም። «ይህ አንቲቦዲ በፓራፊን አይሠራም» ከሚባለው ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይሆናል። ሁለት መንገድ አለ። ለፓራፊን ቁራጭ ፕሬዠር ኩከር፦ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚሰጠው ግፊት እዚህ 116 አካባቢ ይሰጣል፤ ያ በቂ ነው፣ ብቻ ደቂቃው በራስ ቲሹ መሞከር አለበት። በበረዶ ለተቆረጠ፣ ፈሳሽ ውስጥ ለሚንሳፈፍ ከ30 እስከ 40 ማይክሮን ቁራጭ ደግሞ 10 ሚሊሞላር ሶዲየም ሲትሬት፣ ፒኤች 8.5 እስከ 9፣ በ80 ዲግሪ 30 ደቂቃ። 80 ዲግሪ በመንዝም ሆነ በአንኮበር ይገኛል፤ ከተቻለ ይህኛው ይመረጥ።

ከቄራ የሚመጣ የበግ አንጎል ለኬቪ2.1 ነጠብጣብ አይሆንም። ደም ሲቋረጥ ፎስፌቱ ይረግፋል፤ የተሰበሰበው ቻናል በደቂቃዎች ውስጥ ይበታተናል። ራስ ቅሉ ተፈልጦ አንጎሉ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ፣ ምንም ዓይነት አንቲቦዲ ቢገዛ የሚታየው የተበተነው ነው። የኬቪ2.1 ሥራ የሚሠራ ሰው በማደንዘዣ ሥር ወዲያው በሚስተካከል የላቦራቶሪ አይጥ ይሥራ።

ለቄራ ናሙና የሚመቸው የታፋው ትልቁ ነርቭ ነው። ለአንቲቦዲ መፈተኛም ከሁሉ ርካሹ ይህ ነው፦ ሁለት ሴንቲሜትር ነርቭ ይቆረጣል፣ ሳይኮማተር በእንጨት ላይ በክር ይታሰርና በ4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ በፒቢኤስ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ከዚያ በማጉያ ሥር፣ በጄላቲን በተቀባ ስላይድ ላይ፣ ሽፋኑ ተገፎ በሁለት ቀጭን መርፌ እንደ ጥጥ ፈትል ይተለተላል። ጭረቱ ፀጉር እስኪመስል ድረስ ነው፤ ከወፈረ ብርሃኑ ተደራርቦ ምንም አይለይም። ደርቆ ካደረ በኋላ −20 ዲግሪ በሆነ አሴቶን 10 ደቂቃ፣ ማየሊኑን ለመክፈት። በ10 በመቶ የፍየል ሴረምና 0.3 በመቶ ትራይተን አንድ ሰዓት፣ ኬቪ1.2 በአምስት ማይክሮግራም ሌሊቱን።

የሚታየው ሥዕል አይሳሳትም፦ በአንድ አክሶን ላይ ሁለት ብሩህ ቁራጭ፣ በመካከላቸው ጨለማ ክፍተት። በጥንቸል የተሠራ ፀረ-ካስፐር (ካስፐር ከመገጣጠሚያው ጎን የሚገኝ ፕሮቲን ነው) በሌላ ቀለም ከተጨመረ በክፍተቱ ግራና ቀኝ፣ በመገጣጠሚያውና በኬቪ1.2 መካከል ይገባል። ኬቪ1.2 ክፍተቱን ሞልቶ አክሶኑን ሙሉ ካበራ አንቲቦዲው ወይም መጠኑ ልክ አይደለም፤ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ ማየት ነው። ሁሉም ጨለማ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አሴቶኑ በደንብ አልቀዘቀዘም ወይም ነርቩ በፓራፎርማልዲሃይድ ብዙ ቆይቷል።

ሕያው ሴል

ገጹን ብቻ ለማየት የውጭውን ቀለበት የሚይዝ አንቲቦዲ ያስፈልጋል። ጭራ የሚይዘው ኬ89/34 ሴሉ ካልተበሳ አይገባም፤ ኬ57/1 ግን የኬቪ4.2ን የውጭ ቀለበት ስለሚይዝ ለዚህ ይሆናል። ሴሉ ወደ ውስጥ እንዳይውጠው በ4 ዲግሪ፣ አዛይድ በሌለበት። ሁለት እጅ ያለው አንቲቦዲ ቻናሎቹን አያይዞ ስለሚሰበስብ የስብስብ ጥናት በዚህ መንገድ አይሠራም። ቱቡሊን (በሴሉ ውስጥ ብቻ ያለ ፕሮቲን) አብሮ ይሞከር፤ ከበራ ሴሉ ተበስቷል።

ከቦሌ እስከ ፍሪዘር

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚያቆየው መንገዱ ሳይሆን ጉምሩክ ነው። ለዚህ ሲባል እኩል ጥሩ ከሆኑ ሁለት አንቲቦዲዎች ደርቆ በዱቄት የሚላከው ይመረጣል፤ ሳይቀልጥ የቀናት ሙቀት ይችላል። ሲመጣ ጠርሙሱ ሳይከፈት በሴንትሪፊዩጅ ይሽከርከር፤ ዱቄቱ ክዳኑ ላይ ሊኖር ይችላል። በተባለው መጠን የተጣራ ውሃ ይሟሟል፣ ከ10 ማይክሮሊትር ባላነሰ ይከፋፈላል፤ ከዚያ ያነሰው ቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ያልቃል። በ50 በመቶ ግሊሰሮል የሚመጣው −20 ላይ አይረጋም፣ ስለዚህ መከፋፈልም አያስፈልገውም፤ መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ይህም ጥሩ ምርጫ ነው። ራሱ በረዶ የሚያቀልጥ ፍሪዘር በየቀኑ ስለሚሞቅ ለሁለቱም አይሆንም።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለኬቪ1.2 ሞኖክሎናሉ ይገዛ፤ መፈተኛው ነርቭ በየበዓሉ በየደጁ አለ። ለሁለት ከበቃ በሌላ ቦታ የሚይዝ የጥንቸል አንቲቦዲ ለዚያው ለኬቪ1.2፣ ለሌላ ቻናል ሳይሆን። ልብ የሚያጠና ሄርግን ይዞ ይጀምር፤ ሁለቱ መስመር ራሳቸው ምስክር ናቸው።

ፍሪዘሩ ውስጥ ደግሞ አንድ ኩባያ ውሃ አርግቶ ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ማስቀመጥ ነው። ከቅዳሜና እሑድ በኋላ ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ሳንቲሙ ከላይ ካለ መብራቱ ቢጠፋም በረዶው አልቀለጠም፤ ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ ግሊሰሮል የሌላቸው ቱቦዎች ሁሉ ቀልጠው እንደገና ረግተዋልና በእያንዳንዳቸው ላይ ቀኑ ይጻፍ፤ የሚቀጥለው ብሎትም ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይሩጥ።